«ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» በደች ቋንቋ፦ ዛው ሄበን ወይስ ሃት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኔዘርላንድ ነው፤ ለቢ 1 ደረጃ የቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ‹ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር› ለማለት ‹አልስ ኢክ ዛው ሄበን ኸዌተን፣ ኢክ ዛው ሄበን ኸኮመን› ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ አብዛኛውን ሰርዘው ‹አልስ ኢክ ሄት ሃት ኸዌተን፣ ዋስ ኢክ ኸኮመን› ብለው መለሱልኝ። ዛው የት ገባ? የእንግሊዝኛው ‹ዉድ ሃቭ› በደች ዛው ሄበን ነው ብለው ያስጠኑኝ ሰዎች ተሳስተው ነው? አንድ ሕግ ይስጡኝና ልገላገል።»

ያስጠኑዎትም ሆኑ አስተማሪዎ አልተሳሳቱም። ዛው ሄበን በደች ቋንቋ በሙሉ መብት የሚኖር ቅርጽ ነው። ዓረፍተ ነገርዎ የተሰረዘው ግን በዛው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አራት ነገሮች ተደራርበውበታል። ከአራቱ ሁለቱ ግልጽ ስሕተቶች ናቸው፦ ኮመን (መምጣት) የሚለው ግስ ሄበን የተባለውን ረዳት ግስ አይቀበልም፣ ከነጠላ ሰረዙ በኋላም ግሱ ከባለቤቱ መቅደም ነበረበት። ሦስተኛው የጎደለ ቃል ነው፤ በአማርኛ «ባውቅ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ደች ግን «ሄት» ብለው የታወቀውን ነገር እንዲጠቁሙ ይፈልጋል። አራተኛው፣ ማለትም ዛው ሄበንን በሁለቱም በኩል መደጋገሙ፣ የሰዋስው ስሕተት ሳይሆን የአጻጻፍ ክብደት ነው። አስተማሪዎ አራቱንም በአንድ ብዕር ስላረሟቸው ሁሉም እኩል ጥፋት መስለው ታዩዎት።

ከመቀጠሌ በፊት የደች ቃላቱን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን እንደጻፍኳቸው ልብ ይበሉ። ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ በኸ ነው ያስቀመጥኩት። ሃት ሲጻፍ በመጨረሻው «ድ» ያለው ቃል ነው፤ ሲነገር ወደ «ት» ይጠነክራል፣ ብዙ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ድምፁ ተመልሶ ሃደን ይሆናል። በኸ የሚጀምረውን ያለቀ ድርጊት የሚያሳይ የግስ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ኸዌርክትን ወይም ኸኮመንን፣ ለማሳጠር «የኸ ቅርጽ» እለዋለሁ። ሁሉም ግስ ኸን አይወስድም፤ በቤ፣ በፈር፣ በኦንት የሚጀምሩት ያለእርሱ ይቀራሉ፤ ፈርትሮከን እንደሚባለው ማለት ነው። ይህን በመማሪያ መጽሐፍዎ ያገኙታል።

ዛው ሄበን የሚለው ቅርጽ በደች ሰዋስው «ቮልቶይት ፈርሌደን ቱኮመንደ ቴይት» ይባላል፤ ቃል በቃል «የተፈጸመ ያለፈ መጪ ጊዜ» ማለት ነው። ያለፈም መጪም የሆነ ጊዜ እንዴት ይኖራል ብለው ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም። ስያሜው ላመርት ቴ ዊንከል የተባለ የደች ቋንቋ ምሁር በ1866 እ.ኤ.አ. ካቀረበው አደራደር ጋር የተያያዘ ነው። ቴ ዊንከል የግስ ጊዜያትን በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ለያቸው፦ መነሻው አሁን ነው ወይስ ያለፈ? ድርጊቱ ከመነሻው ወደፊት ነው ወይስ አይደለም? ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጥ ስምንት ጊዜያት ይገኛሉ፤ የእርስዎ ቅርጽ ሦስቱንም ምልክት በአንድ ጊዜ የተሸከመው ነው። ያለፈ የተባለው ዛው የዛል ኃላፊ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ መጪ የተባለው ዛል ራሱ የመጪ ጊዜ ረዳት ስለሆነ ነው፤ የተፈጸመ የተባለው ሄበን ወይም ዜይን (መሆን) ከኸ ቅርጽ ጋር ስለሚከተል ነው። ይህን የምነግርዎ ደች እንደ ፈረንሳይኛ ለ«ቢሆን ኖሮ» የሚያገለግል የራሱ የግስ መልክ እንደሌለው እንዲያውቁ ነው። ያለው የተራ ረዳት ግሶች ጥርቅም ነው፤ በዚያው ምክንያት አንዱ ጥርቅም ከአንድ በላይ ትርጉም ይዞ ይመጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለነጠላ ዛው፣ ለብዙ ዛውደን፤ ከዚያ የኸ ቅርጽና ሄበን ወይም ዜይን። «ኢክ ዛው ሄበን ኸዌርክት»፣ እሠራ ነበር። «ዌይ ዛውደን ዜይን ኸብሌቨን»፣ እንቆይ ነበር። በሰው የሚለዋወጠው ዛው ብቻ ነው፤ ሄበንና ዜይን በመዝገበ ቃላት እንዳሉ ይቀመጣሉ። «ኢክ ዛው ሄፕ ኸዌርክት» የሚል ስሕተት በጀማሪዎች ጽሑፍ ይታያል። ተማሪው ከኢክ (እኔ) ቀጥሎ ሄፕ ማለት ስለለመደ ነው፤ ኢክ ግን ድርሻውን ከዛው ጋር ጨርሷል።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያስቸግረው ቅርጹ ሳይሆን ከቅርጹ በፊት የሚመጣው ውሳኔ ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ መኪና እገዛ ነበር» ስንል የምንናገረው ስለ ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አምና ሊሆንም ይችላል። ኖሮ እና ነበር የሚነግሩን ነገሩ እውን አለመሆኑን ነው እንጂ መቼ እንዳልሆነ አይደለም። መለየት ስንፈልግ «ገንዘብ ኖሮኝ ቢሆን ኖሮ» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን አንፈልግም፣ አውዱ ይበቃናል። ደች ይህን ምርጫ በግዴታ ያስመርጣል። ስለ ዛሬ ከሆነ «አልስ ኢክ ኼልት ሃት፣ ዛው ኢክ ኧን አውቶ ኮፐን» ነው፤ አሁን ገንዘብ የለኝም፣ ነገ ግን ሊኖረኝ ይችላል። ጊዜው ካለፈ «አልስ ኢክ ኼልት ሃት ኸሃት፣ ሃት ኢክ ኧን አውቶ ኸኮኽት» ይሆናል፤ በሩ ተዘግቷል። ሃት ኸሃት የሚለው ድግግሞሽ የጽሕፈት ስሕተት እንዳይመስልዎት፤ የመጀመሪያው ረዳት ግስ ነው፣ ሁለተኛው «ኖሮኝ» የሚለው ዋና ግስ ነው። ስለዚህ ወደ ደች ከመሻገርዎ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ያ ነገር አሁንም ሊሆን ይችላል ወይስ አልፏል? መልሱ «አልፏል» ካልሆነ የኸ ቅርጽ አያስፈልግዎትም።

ሁለቱ ጊዜያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙም ያጋጥማል። «ያን ጊዜ ደች ተምሬ ቢሆን ኖሮ አሁን ሥራ ይኖረኝ ነበር» የሚለው «አልስ ኢክ ቱን ኔደርላንትስ ሃት ኸሌርት፣ ዛው ኢክ ኑ ዌርክ ሄበን» ይሆናል። ምክንያቱ ያለፈ ነው፣ ውጤቱ የአሁን ነው። በመጨረሻ ያለውን ሄበን ሲያዩ «ይኸው ዛው ሄበን መጣ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ። እዚህ ሄበን «መኖር» የሚል የራሱ ትርጉም ያለው ዋና ግስ ነው እንጂ ረዳት አይደለም። የኸ ቅርጽ አብሮት ከሌለ ስለ ያለፈ ነገር እየተወራ አይደለም።

አሁን ወደ ሃት እንሂድ። ያለፈና እውን ያልሆነ ነገርን ደች በሁለት መንገድ ይገልጻል፦ በረጅሙ በዛው ሄበን ወይም በዛው ዜይን፣ በአጭሩ ደግሞ በሃት (የሄበን ኃላፊ ጊዜ) ወይም በዋስ (የዜይን ኃላፊ ጊዜ)። በውጤቱ ሐረግ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ዛው ኢክ ኸኮመን ዜይን» እና «ዋስ ኢክ ኸኮመን» መካከል የትርጉም ልዩነት የለም። በ«አልስ»፣ ማለትም በ«ቢሆን»፣ ሐረግ ውስጥም ዛው አልተከለከለም፤ የእንግሊዝኛ መምህራን «ከኢፍ በኋላ ዉድ አይገባም» የሚሉት ክልከላ በደች እንደዚያ አይሠራም። ሆኖም ሁለቱንም ሐረግ በዛው ሄበን መሙላት አራት ረዳት ግስ በአንድ ዓረፍተ ነገር መቆለል ነው፤ ሰው እንዲያ አይናገርም። በንግግር የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ ነው። አልስን ጥሎ ግሱን ፊት የሚያመጣውን አነጋገርም ይስሙ፦ «ሃት ኢክ ሄት ኸዌተን፣ ዳን ዋስ ኢክ ኸኮመን»። ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ «ባውቅማ ኖሮ» የሚል ቁጭት አለው።

ሃት ታዲያ ሁልጊዜ ዛውን ይተካል? አይተካም፤ ምክንያቱም ሃት ሌላ መደበኛ ሥራ አለው። «ሄይ ሃት ኸዎነን» ብቻውን ሲቆም «አሸንፎ ነበር» ማለት ነው፤ እውነት የሆነ ነገር ነው። «ዞንደር ዲ ፋውት ሃት ሄይ ኸዎነን» ሲባል ግን «ያ ስሕተት ባይኖር ኖሮ ያሸንፍ ነበር» ይሆናል፤ አላሸነፈም። ትርጉሙን የገለበጠው «ዞንደር ዲ ፋውት» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። በአማርኛ «አሸንፎ ነበር» እና «ያሸንፍ ነበር» በግሱ ራሱ ይለያያሉ፤ በደች አጭሩ ቅርጽ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ወይም ከእርሱ በፊት በግልጽ ካልተነገረ ወደ ረጅሙ ይመለሱ። «ኢክ ሃት ሄም ኸሆልፐን» ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ቢጽፉ አንባቢ «ረድቼው ነበር» ብሎ ይረዳዋል። «ኢክ ዛው ሄም ሄበን ኸሆልፐን» ቢጽፉ «እኔ ብሆን እረዳው ነበር» መሆኑ አያጠራጥርም።

አንድ ቦታ ላይ ሃት እና ዋስ ቅድመ ሁኔታ ሳይጠሩ ያልሆነውን ነገር ይናገራሉ፦ ከ«ቤይና» ጋር። ቤይና «ለጥቂት» ማለት ነው። «ኢክ ዋስ ቤይና ኸፋለን» ሲባል «ልወድቅ ነበር» ነው፤ ሰውየው አልወደቀም። «ኢክ ሃት ደ ትሬይን ቤይና ኸሚስት»፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነበር። አማርኛችን ይህን በ«ል... ነበር» ሲያሳምረው ተማሪዎች ዛው ይፈልጉለታል። አያስፈልገውም፤ ዛውን ቢያስገቡ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሄበን እና ዜይን የሚመረጡት እንደማንኛውም የተፈጸመ ጊዜ ነው፤ «ኢክ ሄፕ» ያሉበት ቦታ ሁሉ ሃት እና ዛው ሄበን፣ «ኢክ ቤን» ያሉበት ቦታ ሁሉ ዋስ እና ዛው ዜይን ይመጣሉ። አማርኛ እንዲህ ያለ ክፍፍል ስለሌለው በጆሮ አይገኝም፤ መሸምደድ ግዴታ ነው። ዜይንን የሚወስዱት በብዛት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሻገርን የሚያሳዩ ናቸው፦ ኮመን መምጣት፣ ኻን መሄድ፣ ፈርትሬከን መነሣት፣ ዎርደን መሆን፣ ኸቡረን መከሰት፣ ስቴርቨን መሞት። ሁለት ግን ከዚህ አስተሳሰብ ያፈነግጣሉ፦ ብሌይቨን፣ መቆየት፣ ምንም መሻገር ሳይኖርበት ዜይንን ይወስዳል፤ ዜይን ራሱም እንዲሁ፤ «ኢክ ዛው ዜይን ኸዌስት»፣ እሆን ነበር። በመንቀሳቀስ ግሶች ላይ ደግሞ መድረሻው ይወስናል። «ኢክ ዛው ናር ኡትሬኽት ዜይን ኸፊትስት» ብለው ወደ ኡትሬኽት ከተማ በብስክሌት ይሄዱ እንደነበር ይናገራሉ፤ «ኢክ ዛው ትዌ ኡር ሄበን ኸፊትስት» ብለው ሁለት ሰዓት ብስክሌት ይነዱ እንደነበር ይናገራሉ። ግሱ አንድ ነው፤ መድረሻ ሲኖረው ዜይን፣ እንቅስቃሴው ብቻ ሲወራ ሄበን። የእርስዎ ኸኮመን ከዋስ ጋር የሄደው በዚህ ሕግ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምንዎ ሙተን (ግዴታ መሆን)፣ ኩነን (መቻል)፣ ዊለን (መፈለግ) እና ሞኸን (መፈቀድ) የሚገቡበትን ነው፤ ምክንያቱም በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያስፈልግዎት ጸጸት፣ ወቀሳና ይቅርታ በሙሉ በእነዚህ ግሶች ነው የሚነገረው። «መደወል ነበረብኝ» ለማለት «ኢክ ሃት ሙተን ቤለን» ይላሉ። የኸ ቅርጽ የት ሄደ? እዚህ አይመጣም። ሌላ ግስ ሲከተላቸው እነዚህ ረዳቶች የኸ ቅርጻቸውን ጥለው በመዝገበ ቃላት እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ሁለት ያልተለወጡ ግሶች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። «ኢክ ሃት ኸሙተን ቤለን» ስሕተት ነው። «የ ሃት ሄት ኩነን ዜኸን»፣ ልትነግረኝ ትችል ነበር። «ኢክ ሃት ኽራኽ ዊለን ኮመን»፣ መምጣት በጣም እፈልግ ነበር፣ ግን አልሆነም። የሚከተል ግስ ከሌለ የኸ ቅርጽ ይመለሳል፦ «ዳት ሃት ኒት ኸሞኸን»፣ ያ መፈቀድ አልነበረበትም።

«ኢክ ሃት ኽራኽ ዊለን ኮመን» በሚለው ምሳሌ ላይ ኮመን እያለ ዋስ ሳይሆን ሃት መምጣቱን አስተውለው ይሆናል። ረዳቱን የሚመርጠው ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ዊለን ነው፤ ዊለን ደግሞ የሄበን ወገን ነው። ኮመን ዜይንን መውደዱ እዚህ ዋጋ የለውም። በኔዘርላንድ መደበኛ ደች «ኢክ ሃት ኩነን ኮመን» ይባላል እንጂ «ኢክ ዋስ ኩነን ኮመን» አይባልም። ብሌይቨን ራሱ ረዳት ሲሆን ግን ዋስ ይቆያል፦ «አልስ የ ኒት ሃት ኸቤልት፣ ዋስ ኢክ ብሌይቨን ስላፐን»፣ ባትደውልልኝ ኖሮ ተኝቼ እቀር ነበር። እዚህም ኸብሌቨን እንዳልሆነ ያስተውሉ።

በረጅሙ «ኢክ ዛው ሄበን ሙተን ቤለን» ማለትም ይቻላል፤ ግን ሰዎች ይሸሹታል፣ እርስዎም ይሽሹት። ከእርሱ ይልቅ «የ ዛው ሙተን ቤለን» እና «የ ሃት ሙተን ቤለን» እንዳይምታቱብዎት ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው «ብትደውል ይሻላል፣ መደወል ይገባሃል» የሚል ምክር ነው፤ ስልኩ አሁንም በእጅ ነው። ሁለተኛው «መደወል ነበረብህ» የሚል ወቀሳ ነው። አለቃዎን ለመምከር አስበው ሁለተኛውን ቢናገሩ የወቀሷቸው ይመስላቸዋል።

የቃላት አሰላለፍ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥቅም አለው። በአልስ ወይም በዳት የሚጀምር ጥገኛ ሐረግ ግሶቹን ወደ መጨረሻ ይገፋል፤ እኛም ግሳችንን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ልማድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ነው። ጥገኛው ሐረግ በሙሉ እንደ አንድ ቃል አንደኛውን ቦታ ስለያዘ ዋናው ግስ ሁለተኛውን ቦታ ለመያዝ ወዲያው መምጣት አለበት፦ «...፣ ዋስ ኢክ»፣ «...፣ ዛው ኢክ»፤ «...፣ ኢክ ዛው» አይሆንም። በዋናው ሐረግ ሁለተኛ ቦታ የሚይዘው አንድ ግስ ብቻ ነው፤ የቀሩት መጨረሻ ላይ ይጠብቃሉ፦ «ኢክ ዛው ኺስተረን ሜት ሜይን ብሩር ዜይን ኸኮመን»፣ ትናንት ከወንድሜ ጋር እመጣ ነበር።

በጥገኛ ሐረግ መጨረሻ ሦስት ግሶች ሲሰለፉ የኸ ቅርጽ ቦታው ነጻ ነው። «ዳት ሄይ ሄት ዛው ሄበን ኸዳን»፣ «ዳት ሄይ ሄት ዛው ኸዳን ሄበን»፣ «ዳት ሄይ ሄት ኸዳን ዛው ሄበን»፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ዛው ግን ምንጊዜም ከሄበን ይቀድማል። «ኸዳን ሄበን ዛው» የጀርመንኛ አሰላለፍ ነው፤ ጀርመን አገር ቆይተው የመጡ ሰዎች ሲናገሩት ይሰማል። ሁለት ግስ ብቻ ሲሆን «ሃት ኸዌተን» እና «ኸዌተን ሃት» እኩል ናቸው፤ የሰዋስው ሰዎች የመጀመሪያውን ቀዩ፣ ሁለተኛውን አረንጓዴው ቅደም ተከተል ይሏቸዋል። ይህ ነጻነት ግን ከሙተንና ከጓደኞቹ ጋር አይሠራም፦ «ዳት ኢክ ሃት ሙተን ቤለን» ብቻ ነው፣ ሃት ፊት ይቆማል።

እስካሁን የጻፍኩት ስለጠየቁት ነገር ነው። ሳይጠይቁኝ የምጨምረው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሊጎዳዎት ስለሚችል ነው። ዛው ሄበን እና ዛው ዜይን ከ«ቢሆን ኖሮ» ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ሥራ አላቸው፦ ወሬን ያስተላልፋሉ። «ደ ሚኒስተር ዛው ሄበን ኸሎኸን» የሚል ርዕስ በጋዜጣ ቢያነቡ «ሚኒስትሩ ይዋሹ ነበር» ማለት አይደለም፤ «ሚኒስትሩ ዋሽተዋል ተብሏል» ማለት ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከሌላ ሰምቷል፣ በራሱ ስም አያረጋግጠውም። «ደ ማን ዛው ናር ቤልኺዬ ዜይን ፈርትሮከን»፣ ሰውየው ወደ ቤልጂየም ሄዷል ይባላል። ይህን በተርጓሚነት የሚሠሩ ወገኖቻችንም ሲስቱት አይቻለሁ፤ «ተብሏል» መባል ያለበት «ያደርግ ነበር» ተብሎ ሲተረጎም በሰው ላይ የቀረበ ክስ ወይ ይጠፋል ወይ ይጣመማል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመጣ ደብዳቤ ላይ ይህ ከባድ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት «ኡ ዛው ኢን ማርት ሄበን ኸዌርክት» ቢል «በመጋቢት ወር ሠርተዋል የሚል መረጃ ደርሶናል» እያለዎት ነው። «ይሠሩ ነበር» ብለው አንብበው ዝም ካሉ መልስ መስጠት የሚገባዎትን ጥያቄ አልፈውታል ማለት ነው። በጥገኝነት ጉዳይ በሚጻፉ ሰነዶችም «ዛው ዜይን ኸስላኸን» የሚል ካገኙ፣ ማለትም «ተመትቷል ተብሏል» የሚል፣ ጸሐፊው የተነገረውን እንደተነገረ አስቀምጧል ማለት ነው። ይህ ርቀት እንጂ ክህደት አይደለም፤ አላመኑኝም ብለው አይደንግጡ። ፍሬ ነገሩ ራሱ በስሕተት ተጽፎ ከሆነ ግን ማስተካከያ ለማቅረብ ከጠበቃዎ ጋር ወዲያው ይነጋገሩ።

ሁለቱን ትርጉሞች እንዴት ይለያሉ? በአካባቢው አልስ፣ ዞንደር ወይም ዳን ካለ፣ ወይም ቅድመ ሁኔታው አስቀድሞ ከተነገረ፣ «ቢሆን ኖሮ» ነው። ፎልኸንስ የሚል ቃል፣ ማለትም «እንደ እገሌ አባባል»፣ ወይም ቁርጥ ያለ ቀንና ቦታ ካለ፣ ደብዳቤው ወይም ዜናው ስለ ተፈጸመ ነገር እያወራ ከሆነ፣ ወሬ አስተላላፊው ነው። በዚህ ሁለተኛ ሥራ ሃት ዛውን ፈጽሞ አይተካም። «ደ ሚኒስተር ሃት ኸሎኸን» ቢጻፍ «ሚኒስትሩ ዋሽተው ነበር» የሚል ማረጋገጫ ይሆናል፤ ጋዜጠኛውን ሊያስከስስ የሚችል ልዩነት ነው። ሦስተኛ ሥራም አለ፣ ቀላል ነው፦ «ሄይ ዜይ ዳት ሄይ ሄት ፎር ፍሬይዳኽ ዛው ሄበን ኸዳን»፣ ከዓርብ በፊት ጨርሼ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር። ያለፈ ቃል ኪዳን ሲጠቀስ የሚመጣ ነው።

«አንድ ሕግ ይስጡኝ» ላሉት፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ የለም፤ የሚመሩበት አንድ ልማድ ግን አለ፣ እርሱንም ያለማመንታት እመክርዎታለሁ። ያለፈና ያልሆነ ነገር ሲጽፉም ሲናገሩም በሁለቱም ሐረግ ሃት ወይም ዋስ ይጠቀሙ። ዛው ሄበንን ቅድመ ሁኔታው ካልተነገረበት ቦታና ወሬ ከሚተላለፍበት ቦታ ውጭ ከራስዎ አያውጡት፤ ሲያነቡት ግን ሦስቱንም ትርጉም ይወቁ። ደግሞም በእንግሊዝኛ በኩል አይሂዱ። እንግሊዝኛ «ዉድ ሃቭ» ብሎ ሄበንን ለሁሉም ግስ ያድላል፣ ከኢፍ ጋር የሚሆነውን ይከለክላል፣ ግሱንም አይገለብጥም፤ በዚያ ድልድይ የሚሻገር ሰው የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ስሕተቶች ይዞ ይወጣል። ከ«ኖሮ» እና «ነበር» ቀጥታ ወደ አልስ እና ሃት መሄዱ ይቀርባል፤ አማርኛውም ሁለቱንም ጎን ምልክት ያደርግበታልና።

ሲለማመዱ ዜይን የሚወስዱትን ግሶች ለብቻ አይሸምድዱ፤ «ዋስ ኢክ ኸኮመን፣ ዋስ ኢክ ኸኻን፣ ዋስ ኢክ ኸብሌቨን» እያሉ ከተገለበጠው ባለቤት ጋር በአንድ ትንፋሽ ይበሏቸው፤ ረዳቱም አሰላለፉም አብረው ይገባሉ። ቀጥሎ «ሃት ሙተን፣ ሃት ኩነን፣ ሃት ዊለን»ን ከአሥር የተለያዩ ግሶች ጋር ያጣምሩ። ቤልጂየም ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶች ካሉዎት «ዛው ኸዳን ሄበን» የሚለውን መካከለኛ አሰላለፍ አዘውትረው ሲናገሩ፣ አንዳንዶቹም «ዋስ ኩነን ኮመን» ሲሉ ይሰማሉ። የመጀመሪያው በሁለቱም አገር ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን ግን ፈተናዎ ኔዘርላንድ ስለሆነ በወረቀትዎ ላይ አይጻፉት።